የቴዎዱል ጥድ

ያንን ጥድ እጠላዋለሁ። ዛፍ መጥላት ነውር ከሆነም ይሁን።

የእህቴን የክሬሰንዝያን ባል፣ ቴዎዱልን፣ የበረዶ ናዳ ወሰደው፤ ሬሳው አልተገኘም። እዚህ አልፕስ ላይ፣ በእኛ መንደር፣ እንዲህ ለቀረ ሰው ደኑ በሚያበቃበት ጠርዝ ላይ የጥድ ችግኝ ይተከልለታል። ሚስቱ ሌላ የምታገባው ጥዱ ከበረዶው በላይ ቀና ብሎ ከከረመ ነው። በራሱ ጊዜ ከደረቀም ነፃ ትወጣለች። በስለት የነካው ሰው ግን የለም።

ስንት ዓመት ሆነው፣ ከጉልበቴ አላለፈም። ከበረዶው ብቅ ያለ ጫፉን ንፋሱ በየዓመቱ ይላጨዋል። ወደ ላይ እንቢ ሲለው ወደ ጎን ሄደ፤ ቅርንጫፎቹ ቁልቁል ወደ እህቴ ቤት ይሳባሉ።

ክሬሰንዝያ አይብ ሠሪውን አምብሮስን ትወዳለች። ስትስቅ የምሰማት እሱ ሲመጣ ብቻ ነው።

«የከለከለን ሟቹ ሳይሆን ንፋሱ ነው» አለ አምብሮስ፤ ድንጋይ ተሸክሞ ወጥቶ ንፋሱ በሚመጣበት በኩል ግንብ ሠራለት።

«ለባሏ ቤት ሠራህለት እንዴ?» አልኩት።

«ቤት ካገኘ ይተወናል ብዬ ነዋ!»

ሳቅን። ምን እንዳሳቀን እንጃ።

ግንቡ ንፋሱን አቆመው፤ ንፋሱ የተሸከመውን በረዶ ግን ጥዱ ላይ አራገፈው። ላሞቹ ወደ ግጦሽ ሲወጡ እንኳ እዚያ ገና ክምር ነበር። ሲቀልጥ ሦስታችንም ሄድን። ቅጠሉ በጥቁር ሻጋታ ተጣብቆ፣ እንደ ረጠበ ፀጉር መሬት ላይ ተኝቷል።

«ደረቀ!» አለ አምብሮስ፤ ደስታውን መደበቅ አልቻለም። «ክሬሲ፣ በቃ ነፃ ነሽ!»

እህቴ ተንበርክካ ጥቁሩን ገለጠችው። ወደ ቤቷ የሚሳበው አንዱ ቅርንጫፍ አፈር ውስጥ ሥር ሰዶ ለምልሟል። ሳበችው፤ አልመጣም።

«ይዞኛል» አለች።

አምብሮስ ፊቱ ጠቆረ። «ላሞቹ ሲወርዱ እኔም ወደ ሸለቆው እወርዳለሁ። ከዚህ በላይ መጠበቅ አልችልም፣ ክሬሲ።»

 በማግስቱ ማለዳ ለማንም ሳልናገር ቢላዋ ይዤ ወጣሁ። ፀሐይ አልደረሰችም፤ ሣሩ ላይ አመዳይ ነበር። ቅርንጫፉን ጨብጬ ልቆርጠው ስል እጄን ሞቀኝ። እንደ ሰው ክንድ ይሞቃል። ለቅቄው አፈገፈግሁ። ያኔ ነው ቅርፊቱ ላይ አዲስ የስለት ጭረት ያየሁት። የእኔ አልነበረም።

ከግንቡ ጀርባ እህቴ መጋዝ ጭኗ ላይ አድርጋ ተቀምጣለች።

«አንቺም አቃተሽ አይደል?» አለችኝ።