ሳያልቅ የማይስል

በጃንሆይ ጊዜ፣ ምን አለሽ ተራ ውስጥ፣ ብረት ሠሪው አስናቀው አሸዋ በሙጫ አቡክቶ፣ በብስክሌት ፔዳል የሚሽከረከር ክብ የመሳያ ድንጋይ ሠራ። ምን ዋጋ አለው! መቀስ ሲያስጠጉበት አንዴ ነከስ ያደርግና ከዚያ በኋላ እንደ መስታወት ያሙለጨልጫል። «ሙጫው አንሶት ነው» ብሎ ቢጨምርበት ጭራሽ ባሰበት።

የሸማ ተራዋ ነጋዴ እትዬ ባይነሽ፣ መቀሳቸውን እንደደነዘዘ ሲመልስላቸው ተናደዱ። ያባታቸውን የወንዝ ድንጋይ አምጥተው፣ ውሃ ጠብ አድርገው፣ እዚያው ፊቱ ራሳቸው ይስሉት ጀመር። ድንጋዩ መሀሉ እንደ ኮርቻ ጎድጉዷል።

«እትዬ፣ ድንጋይዎ እኮ እያለቀ ነው» አላቸው።

«ታዲያ ሳያልቅ ሊስልልኝ ኖሯል?»

አስናቀው ድንጋዩ ላይ የቀረውን ግራጫ ጭቃ በጣቱ አሸት አደረገና ክው አለ። የደነዘዘው ቅንጣት ይረግፋል፤ ከሥሩ ብረት ነክቶት የማያውቅ ስል ቅንጣት ብቅ ይላል። የሱ ሙጫ ግን የደነዘዘውን ሙጭጭ አድርጎ ይዞ አላስረግፍ ብሎ ኖሯል!

ሙጫውን በግማሽ ቀነሰ። በሳምንቱ በአዲሱ ድንጋይ የተሳለው መቀስ አየር ላይ የምትንሳፈፍ የጥጥ ክር ለሁለት ከፈለ።

«ስለትህ ሰመረልህ!» አሉት እትዬ ባይነሽ እየሳቁ።

አስናቀው ጉልበቱ ላይ የረገፈውን የድንጋይ ዱቄት በጣቱ ቆንጠር አድርጎ እያሳያቸው፣ «ስለቱን ያስገባውስ ድንጋዩ ነው፣ እትዬ» አለ።