ቢጫው መጋረጃ

ክቡራትና ክቡራን፣ የሥራና ሠራተኛ አገናኝ ጽሕፈት ቤት አራተኛው መስኮት ከዛሬ ሐሙስ ጠዋት ጀምሮ ባለመጋረጃ መሆኑ በታላቅ ደስታ ተበሥሯል። መጋረጃው ቢጫ ነው። ከመስኮቱ በአንድ ክንድ ስለሚረዝም ትራፊው መሬት ይጠርጋል፤ ሆኖም ኃላፊው ሪባን ቆርጠው ሲያበቁ «ይህ ትርፍ ጨርቅ ለባለውለታዎቻችን ያለን ፍቅር ልክ እንደሌለው ያሳያል» ስላሉ፣ ጨርቁን የለካው ሰው ከተጠያቂነት ተርፏል።

ሃምሳ አለቃው ከሰው ጋር አጨበጨበ። ኪሱ ውስጥ አራት ጊዜ የታጠፈ የጋዜጣ ቁራጭ ነበር፦ የከተማው የውኃ ማሠራጫ ጣቢያ አንድ የፓምፕ መካኒክ ይፈልጋል፤ ምዝገባው ዛሬ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ይዘጋል። አሥራ አራት ዓመት በሠራዊቱ ውስጥ ጄኔሬተርና ፓምፕ ሲፈታና ሲገጥም ኖሯል። ከተሰናበተ ወዲህ ግን የታናሽ እህቱ ሶፋ ላይ ነው የሚያድረው። የእህቱ ባል በየማለዳው «ጀግናው፣ ዛሬስ ወዴት ዘመትክ?» እያለ ጫማውን ያስራል። ትናንት ደግሞ እህቱ ፊቱን ሳታይ «አማቴ እሑድ ትመጣለች፣ ትሰነብታለች» አለችው። ሶፋው ላይ ማን እንደሚተኛ አልተናገረችም። መናገርም አላስፈለጋትም።

አራተኛው መስኮት ለቀድሞ ወታደሮች ብቻ የተከፈተ ነው፤ በሕግ ቅድሚያ አላቸው፣ በፈተናም አሥር ነጥብ ይጨመርላቸዋል። በቅድሚያው ምክንያት ሠላሳ ሰው ከፊቱ ተሰልፏል። ቅድሚያ የሌላቸው ሰዎች የሚስተናገዱባቸው ሦስት መስኮቶች ግን ባዶ ናቸው። ሁለተኛው ላይ የተቀመጠችው ልጅ ጥፍሯን ትሞርዳለች።

«እህቴ» አላት ጠጋ ብሎ፣ «ለፓምፕ መካኒክነት መዝግቢኝ።»

የለበሰውን የወታደር ጃኬት አየችው። «ወታደር ነበሩ እንዴ ጋሼ?»

«ነበርኩ።»

«እንግዲያ እኔ ጋ አይስተናገዱም። እርስዎ እኮ ቅድሚያ አለዎት።»

«ትቼዋለሁ።»

«አይተውማ! በእርስዎ ክብር እኔ ልጠየቅበት?» ብላ ወደ ጥፍሯ ተመለሰች።

ቦታውን የጠበቀለት፣ ምርኩዝ የያዘ የቀድሞ የጭነት መኪና ሹፌር ነበር። አፉ አያርፍም። «ምነው፣ ቅድሚያህን ጨርሰህ መጣህ?»

«ተወኝ ባክህ።»

«ምሽግ ይሻል ነበር ወንድሜ። እዚያ ቢያንስ የሚያስታውሰን ጠላት ነበረን።»

ሰልፉን የገተረው የምስጋና ቃል የሚባለው ነገር ነው። ኃላፊው ባወጡት መመሪያ መሠረት፣ የመስኮቱ ሠራተኛ አንድ ባለውለታ ፊቱ በቆመ ቁጥር ተነሥቶ፣ ኮቱን ቆልፎ፣ ሁለት ገጽ ምስጋና ያነብለታል። ስልክ ከጠራ ወይም ሰው ካስነጠሰ ከመጀመሪያው ይጀመራል፤ ክብር አይቆራረጥም። ከዚያ የአሥር ነጥቡ ቅጽ ለፊርማ ወደ ኃላፊው ይላካል። ኃላፊው ሪባኑን ከቆረጡ ወዲህ ፎቅ ላይ ስብሰባ ናቸው፤ አጀንዳው «የተገልጋዮችን ሰልፍ ስለማሳጠር» ይላል።

እስከ ምሳ ድረስ ስድስት ሰዎች ተመሰገኑ። ሰባተኛው፣ ጆሯቸው በመድፍ የተጎዳ አዛውንት፣ ሁለቱ ገጽ ሲያልቅ መዳፋቸውን ጆሯቸው ላይ አድርገው «ምን አልከኝ ልጄ?» አሉ። ባለከረባቱ የመስኮቱ ሠራተኛ ጉሮሮውን ጠርጎ ከላይ ጀመረ። ሰልፉ እንደ አንድ ሰው አቃሰተ።

አሥር ሰዓት ሲሆን ሃምሳ አለቃው ከፊቱ ያሉትን ቆጠረ። ሃያ ነበሩ። ስሌቱን ለመሥራት መካኒክ መሆን አያስፈልግም። ጃኬቱን አወለቀና ለሹፌሩ አሸከመው።

«ወዴት ነው?»

«ሲቪል ልሆን።»

ሁለተኛው መስኮት ላይ ቅጽ አንሥቶ ሞላ። «የውትድርና አገልግሎት» ከሚለው ጎን «የለም» ብሎ ጻፈ። ልጅቷ ቅጹን አየች፤ እሱን አየች፤ ደግማ ቅጹን አየች።

«የቅድሙ ጋሼ አይደሉም እንዴ?»

«የቅድሙ ወታደር ነበር።»

«ለነገሩ ሰው ይመሳሰላል» አለችና ማኅተሙን ቀለሙን እስኪተፋ ረገጠችው። ሦስት ደቂቃ ፈጀ።

በማግስቱ ጣቢያው አሥራ አንድ ተወዳዳሪዎችን አንድ የሚያጓራ ፓምፕ ፊት አቆማቸው። አንዱ ዘይት ይቀየር አለ፤ ሌላው ፓምፑ ይቀየር አለ። ሃምሳ አለቃው የመፍቻውን ጫፍ ፓምፑ ላይ፣ እጀታውን ጆሮው ላይ አድርጎ አዳመጠ፤ «ኩሽኔታው አልቋል፣ የኋለኛው» አለ። ሲፈታ የኋለኛው ነበር። ያለ አሥር ነጥብ አንደኛ ወጣ፤ ቅዳሜ ዕለት ሻንጣውን ይዞ የጣቢያው ተረኛ ክፍል ገባ። የአራተኛው መስኮት ተመዝጋቢዎች ዝርዝርም ለጣቢያው ደረሰ፤ በወርቃማ ክር ተጠርዞ፣ ሰኞ ዕለት።

ሁለት ወር አለፈ። የጽሕፈት ቤቱ ዓመታዊ ሪፖርት ሲዘጋጅ «በቅድሚያ የተቀጠሩ የቀድሞ ወታደሮች» የሚለው ሰንጠረዥ ላይ ዜሮ ተቀመጠ። ዜሮ ደግሞ ከመጋረጃው ፎቶ ጎን አያምርም። ያኔ ነው አሁንም ሰልፍ ላይ ያለው ሹፌር አፉ ያመለጠው፦ «አንድ ሰውስ ተቀጥሯል፤ ጃኬቱ እኔ ጋ ነው።»

ኃላፊው ፎቶ አንሺ፣ ባለከረባቱንና የነሐስ ሜዳሊያ አስከትለው ጣቢያው ድረስ መጡ። ሃምሳ አለቃው ፓምፑ ሥር ተንጋሎ ነበር። ባለከረባቱ ኮቱን ቆለፈና ሁለቱን ገጽ ዘረጋ። ሃምሳ አለቃው ከተኛበት እጁን ልኮ ፓምፑን አስነሣው። ምስጋናው እስከ መጨረሻው ተነበበ፤ የሰማው ግን የለም። ገጾቹ ተመልሰው ሲታጠፉ ፓምፑን አጠፋውና እጁን በጨርቅ እየጠረገ ወጣ።

«ሃምሳ አለቃ» አሉ ኃላፊው በአባት ድምፅ፣ «አሥራ አራት ዓመት አገልግለው ‘የለም’ ብለው ጻፉ። ይህ እኮ ሐሰተኛ ቃል ነው፤ ያስባርራል። እኛ ግን እርስዎን ለመጉዳት አልመጣንም። ቅጹ ላይ ‘ምክንያት’ የምትል ክፍት ቦታ አለች። ‘በትሕትና’ ብለን ብንሞላት ቅጹ ይስተካከላል፤ በእኛ መስኮት እንደተቀጠሩ ይቆጠራል፤ ሜዳሊያውንም አሁኑኑ እናጠልቅልዎታለን።»

የጣቢያው ሥራ አስኪያጅ ከኋላ ሳል ቢጤ ሳለና «እኔ ይህን ሰው አላባርርም፤ ፓምፑ ይሠራል» አለ።

ፎቶ አንሺው አንድ ዓይኑን ጨፈነ። ኃላፊው እስክሪብቷቸውን ከፈቱ።

«እሺ፣ ለምን ነበር?»

«አልናገርም።»

«በትሕትና እንበለው?»

«አትበሉት።»

«ለመዝገብ ያህል እኮ ነው፣ ሃምሳ አለቃ—»

«ለመዝገብም አልናገርም።»