አሥራ ሰባቱ ዴስኮች

የስምንተኛ ክፍሏ ልጅ ከክፍሏ ሁሉ ረጅም ስለነበረች ጓደኞቿ «ምሰሶ» ይሏታል። ዴስኩ ለትንንሽ ልጆች የተሠራ በመሆኑ ጉልበቷ ከሥሩ አይገባም፤ ስትጽፍ እጥፍ ብላ ነው የምትውለው። ወገቧን ይዛ ቤት ስትገባ እናቷ «ቦርሳሽን አቅልይው» አለቻት። አቀለለችው፤ ሕመሙ ግን አልለቀቃትም።

ለዳይሬክተሩ ብትነግራቸው «ቀጥ ብለሽ ተቀመጪ፣ ልጄ» ብለው ሸኟት።

እሷ እንዲህ በቀላሉ የምትመለስ አልነበረችም። ከልብስ ሰፊ አክስቷ ሜትር ተውሳ የክፍሏን ልጆች በየእረፍቱ ለካች። ከአርባ ሁለቱ የአሥራ ሰባቱ ጉልበት ከዴስኩ ሥር አይገባም። ወገባችንን ያመናል ያሉትም አብዛኞቹ እነዚሁ ነበሩ። ወረቀቷን ይዛ ቢሮ ተመለሰች።

«ጋሼ፣ ቀጥ ብዬ መቀመጥ ጠልቼ አይደለም። እስቲ አንድ ክፍለ ጊዜ እኔ ቦታ ላይ ይቀመጡልኝ።»

ዳይሬክተሩ ሳቁ፤ እሷ ግን ፍንክች አላለችም። ይሉኝታ ይዟቸው መጡና ጉልበታቸውን ወደ ጎን አዙረው ተቀመጡ፤ የታሪክ መምህሩ ያስጻፈውንም ሁሉ ጻፉ። ደወሉ ሲደወል ዴስኩን ተደግፈው እንደምንም ተነሱ። ወገባቸውን ሲያሹ ተማሪው ሳቁን ዋጠ።

«አናጺውን ጥሩልኝ» አሉ።

አናጺው በዚያ ሳምንት የአምስት ዴስኮችንና የወንበሮቻቸውን እግር በጣውላ ቀጥለው ከፍ አደረጉ። «የቀሩትስ?» ስትላቸው «እንጨት ሲመጣ» አሏት። ሰኞ በመጣ ቁጥር ወርክሾፑ በር ላይ ቆማ ጠየቀቻቸው። መንፈቀ ዓመቱ ሳያልቅ አሥራ ሰባቱም ተሠሩ።