ሁለተኛው መርፌ

"እዚህ ጋ ነው?" አለ ይሥሐቅ፣ አውራ ጣቱን በአንገቷና በትከሻዋ መካከል አሳርፎ።

ጥሩሸዋ መልስ ከመስጠቷ በፊት ጮኸች። ጩኸቷ ለራሷም አሳፈራትና የነጠላዋን ጫፍ አፏ ውስጥ ወተፈች።

"እዚህ ነው" አለ እሱው። "አይዞዎት እትዬ፣ ቋጠሮውን በጣቴ ይዤዋለሁ። ባቄላ ያህላል። መርፌው ሲነካው ጡንቻው ይዘላል፣ እንዳይደነግጡ።"

መርፌው ገባ። ጡንቻው እውነትም ዘለለ። ከትከሻዋ ተነሥቶ በጆሮዋ ሥር እሳት የመሰለ ነገር ሽቅብ ወጣባት፤ ከዚያ ማደንዘዣው ሲሰራጭ ያ ሁለት ዓመት ሙሉ ጠፍሮ የያዛት ነገር ቀስ እያለ ላላ።

"እስቲ ክንድዎን ያንሡ።"

አነሣች። ክንዷ ደረቷን አለፈ፣ ጆሮዋን አለፈ፣ ከራሷ በላይ ቆመ። የሌላ ሰው ክንድ ይመስል ሽቅብ አየችው። ከዚያ ሳቀች፤ እየሳቀች እንባዋ መጣ።

"ዶክተር፣ መጋኛ ነው ብለውኝ እኮ ነበር!"

ይሥሐቅ ጤና መኮንን እንጂ ዶክተር አይደለም። መሐል ሜዳ ከተማ ግን ነጭ ጋዋን ለለበሰ ሁሉ ዶክተርነትን አትነፍግም፤ እሱም ማረሙን ከተወ ቆይቷል።

"ምንም መጋኛ የለም። እንዝርቱ ነው፣ ጀሪካኑ ነው፣ የፍጉ ቅርጫት ነው። ጡንቻ ዕረፍት ሲያጣ ይቋጠራል። አሁን ለጥቂት ቀን ከባድ ነገር እንዳይሸከሙ። ከዚያ በኋላም ሥራውን ካልቀነሱ ተመልሶ ይመጣል።"

ሥራ መቀነስ! ይሥሐቅ ደግ ልጅ ነው፤ ግን እንደ ጥሩሸዋ ቤት ከዘመሮ ማዶ ባለ የሸማኔ ቤት ውስጥ አንድ ቀን ውሎ አያውቅም።

ጥሩሸዋ እንቁላል ልሸጥ ብላ ነበር ከቤት የወጣችው። ለባሏም ለአማቷም አልተናገረችም። መንገዱን ሙሉ፣ ቤት ስትደርስ ክንዷን እንደ ወትሮው ደረቷ ላይ አጥፋ ለመግባት ስታስብ መጣች። ሰው ግን ሕመሙን ሲደብቅ እንደሚሆንለት ደስታውን ሲደብቅ አይሆንለትም። ገና እንደገባች ከግድግዳው ላይ ወንፊቱን አወረደች።

አማቷ እማማ የትምወርቅ ምድጃው ዳር ተቀምጠው ነበር።

"በየትኛው እጅሽ ነው ያወረድሽው?"

ጥሩሸዋ ወንፊቱን እንደያዘች ቀረች።

"መርፌ ተወጋሁ፣ እማማ። ለቀቀኝ።"

ነገሩ እንዲህ ነው። ከሁለት ዓመት በፊት ጥሩሸዋ በቀትር ውሃ ወርዳ ትከሻዋ ተይዞ ስትመለስ፣ "መጋኛ ነው የመታት" ብለው የፈረዱት እማማ የትምወርቅ ነበሩ። በቅቤ ያሿትም፣ "መጋኛ መርፌ አይወድም፤ የተወጋ አይተርፍም" ብለው ከሐኪም ቤት ያስቀሯትም እሳቸው ናቸው። አገሩም የእሳቸውን ቃል አምኖ ይኖራል። በእሳቸው ፍርድ ነበር ጥሩሸዋ ከውሃና ከፍግ ሸክም የዳነችው፤ የባሏ እህት ገበያነሽ እያጉረመረመች ተሸከመችላት። መፍተሉ ግን አልቀረላትም፤ እንዝርት ቁጭ ብለው ነው ተባለ። አሁን እንግዲህ መርፌው ካዳናት፣ ወይ አሮጊቷ ተሳስተዋል፣ ወይ ምራቲቱ ዋሽታለች። ከሁለቱ ማን እንደሚረታ ለማወቅ ዳኛ አያስፈልግም።

እማማ የትምወርቅ ብዙ አላሰቡም።

"መጋኛ ቢሆን በመርፌ ሞተሽ ነበር" አሉ። "አልሞትሽም። እንግዲያማ መጀመሪያውንም አልታመምሽም።"

"ኧረ እማማ፣ በእመብርሃን! ሌሊቱን ስቃትት ሰምተውኝ የለም?"

"መቃተትማ ማን ያቅተዋል?"

ባሏ መኳንንት ባና የሚባለውን ወፍራም ብርድ ልብስ ከሚሸምንበት ጉድጓድ ወጥቶ፣ እጁ ላይ የበግ ጠጉር እንደተጣበቀ መጣ። እናቱ ነገሩን በአንድ ትንፋሽ ነገሩት። ፊቱ ጠቆረ።

"ሁለት ዓመት! እህቴ ወገቧ እስኪጎብጥ ስትቀዳልሽ፣ አንቺ እሳት ዳር ቁጭ ብለሽ ትስቂባት ነበር?"

"መኳንንት፣ እስቲ ትከሻዬን ዳስሰው። ሐኪሙ ቋጠሮውን በጣቱ ይዞ . . ."

"ሐኪም የዳሰሰውን እኔ ምን ልዳስስ!"

አልመታትም። ቢመታት ይሻላት ነበር፤ ለተመታች ሴት ቢያንስ ሽማግሌ ይመጣላታል፤ ላልታመነች ግን ማንም አይመጣም።

በማግስቱ ገና ሳይነጋጋ ጀሪካኑ እግሯ ሥር ተቀመጠ። "ለጥቂት ቀን እንዳትሸከሚ ብሎኛል" ብትል ቤቱ ሁሉ ሳቀባት። ወሬው እሑድ ቤተ ክርስቲያን ደረሰ። በጽዋ ማኅበሩ ላይ አንዷ፣ "ጥሩሸዋ፣ ያ መርፌ ለስንፍና ይሆናል አሉ፤ የኔንም ልጅ ታስወጊልኛለሽ?" አለቻት። ሴቶቹ እጃቸውን አፋቸው ላይ አድርገው ሳቁ። ጥሩሸዋም አብራ ሳቀች፤ ምን ታድርግ።

በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም ይላሉ። መድኃኒት ያገኘች ሴት በሽታዋን የት ሄዳ እንደምታስመሰክር ግን የተነገረ ነገር የለም። ቋጠሮው የገብሱ አረም ሳያልቅ ተመለሰ፤ ሲመለስም ብሶ፣ እስከ ጣቶቿ የሚያደነዝዝ ሆኖ ነበር። አሁን ለማን ትናገረው? ጥርሷን ነክሳ ውሃ ቀዳች፣ ፍጉን ተሸከመች፣ ማታ ማታ ፈተለች።

እጇ ቢታገሥም ፈትሉ አልታገሠም። አንዱ ቦታ ወፍሮ ሌላው ቦታ ይበጠስ ጀመር።

"ይኼ ምንድን ነው?" አለ መኳንንት፣ የተበጠሰውን ፈትል ፊቷ ላይ አንጠልጥሎ። "ባናው እኮ ለሰርግ ነው የታዘዘው! ሰውዬው ለሙሽሮቹ የአይጥ ጎጆ ሊያነጥፍላቸው ነው?"

"ትከሻዬ ተመልሶ ይዞኝ ነው።"

ተቆጥቶ ሊናገር አፉን ከፈተና መልሶ አሰበ።

"መርፌው ሠርቶልሽ ነበር አይደል? እንግዲያው ትወጊያለሽ።"

የገበያ ቀን መሐል ሜዳ ራሱ ወሰዳት። በመጀመሪያ የበግ ጠጉር ገዛ፤ ጆንያውን ሞልቶ በገመድ አሰረና የሕክምና ክፍሉ በር ላይ አስደገፈው።

ይሥሐቅ ትከሻዋን ገና ሲነካው ፊቱ ተለወጠ።

"አላረፉም።"

"አርፋለች" አለ መኳንንት ከበሩ።

ይሥሐቅ አልተከራከረውም። ሄዶ የመኳንንትን እጅ ያዘና አምጥቶ ጣቱን ቋጠሮው ላይ አሳረፈለት። "ጫን ይበሉት" አለው። መኳንንት ጫነው። ቋጠሮው በጣቱ ሥር ተንሸራተተ፤ ጥሩሸዋ አቃሰተች። በሕመሟ ውስጥ ግን ልቧ ደስ አለው። ይህ ጣት እዚህ እንዲደርስ ስንት ሌሊት ተመኝታለች! አሁን አወቀ፤ አሁን ይቅርታ ባይላት እንኳ ዝም ይላል፣ ጀሪካኑንም ያነሣላታል ብላ ፊቱን ለማየት ዞረች።

"አገኘሁት" አለ መኳንንት እጁን ወደ ኪሱ እየመለሰ። "ታዲያ ምን ይጠበስ? በሬም ቀንበር ያረፈበት ቦታ ላይ እንዲህ ያለ አለው። ከነቋጠሮው እያረስንበት አይደል? በል ውጋትና እንሂድ፤ ይኼን ጆንያ የምትሸከመው እሷ ናት፤ እኔ ጨው የምገዛበት ቦታ አለ።"

ይሥሐቅ መርፌውን እያዘጋጀ ቀና ሳይል ተናገረ፤ ድምፁ ውስጥ ንዴት ነበረ።

"እትዬ፣ ይህ ሁለተኛው ነው። ይህም ካልረዳዎ ሦስተኛ አልወጋም። ለውጥ ለማያመጣ ነገር ሰውነትዎን አልበሳም።"

ወጋት። ጡንቻው ዘለለ፤ እሳቱ ወጣ፤ ከዚያ ያ የምታውቀው መላላት መጣ። እንዲያውም ከፊተኛው ጣፈጣት። በነጠላዋ ሥር ጣቶቿን ጨበጠች፣ ዘረጋች። ሁሉም ታዘዙላት። ትከሻዋ የአሥራ አምስት ዓመት ልጅ ትከሻ ሆነ።

መኳንንት የጆንያውን ገመድ ይዞ በጀርባዋ ልክ እያስረዘመ ነበር።

"እስቲ ክንድዎን ያንሡ" አለ ይሥሐቅ። ያን ዕለት የሳቀችውን ሳቅ ለማየት እየጠበቀ ፈገግ ብሎ ነበር።

ጥሩሸዋ ፈገግታውን አየች። በዚህ ምድር ላይ ያመናት ይህ ልጅ ብቻ መሆኑን ታውቃለች። መርፌው አልሠራም ካለች አማቷ መጋኛዋን እንደሚመልሱላት፣ ከመጋኛውም ጋር ዕረፍቷን እንደሚመልሱላት ታውቃለች። ሦስተኛ መርፌ እንደሌለም ሰምታለች። ክንዷን እስከ ደረቷ አነሣችና አቆመችው።

"ከዚህ አላልፍ አለኝ።"

"አልቀለለዎትም?"

"ኧረ ብሶብኛል።"

መኳንንት ገመዱን መሬት ላይ ወርውሮ የጠጉሩንም የሐኪሙንም አምላክ ረገመ። ይሥሐቅ ግን ጣቱን ቋጠሮው ወደነበረበት መለሰ። ፈለገው፤ የለም። ሥጋው እንደ ሊጥ ለስልሷል። ደግሞ ጫነው፤ አልጮኸችም። ቀና ብሎ ዓይኗን አያት፤ እሷም የአማቷ የጥርጣሬ አተያይ በዚያ በደግ ፊት ላይ ቀስ ብሎ ሲመጣ አየችው።

"እትዬ" አለ ዝቅ ባለ ድምፅ፣ "እውነቱን ይንገሩኝ። ያማል?"

"ያማል" አለች፤ ነጠላዋን ከትከሻዋ ላይ ገፍፋ በእሱ ያን ጤነኛ ክንዷን ከደረቷ ጋር አጥብቃ አሰረችው።