ቁልቁለት በመክተፊያ ላይ

ቅዳሜ ነበር፤ ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ተኩል። ነፍሱን ይማረውና፣ መምህሩ ደጅ ቆሞ ለጉዞ የሚያድርበትን ባለጎማ ተሳቢ ቤቱን ከመኪናው ጋር ሲያያይዝ ሚስቱ ማድ ቤት ውስጥ መክተፊያዋን ትፈልግ ነበር። እንደ ልማዱ ወስዶታል።

መምህሩ ዕድሜውን ሙሉ መንጃ ፈቃድ ለሚያወጡ ሰዎች ቲዎሪ ያስተማረ ሰው ነው፤ የሚያስተምረውም በገዛ ሳሎኑ ነበር። ከተማው እንደ መዳፍ ሜዳ ስለሆነ ቁልቁለት የሚያሳይበት ቦታ የለውም። ስለዚህ የሚስቱን መክተፊያ በአንድ ጫፉ ከፍ ያደርግና የልጅ መጫወቻ መኪና ያንሸራትትበታል። መኪናዋ ምንጣፉ ላይ ስትገለበጥ፣ ‹‹ይኼ ሰውዬ ሞቷል›› ይላል በተረጋጋ ድምፅ። ተማሪዎቹ ይጽፋሉ። ሚስቱም ከበሩ ጀርባ ሽንኩርቷን ሳህን ላይ እየቆረጠች ትሰማለች።

እሱ ራሱ ተራራ ላይ ነድቶ አያውቅም። ይህን የሚያውቁት ሁለት ሰዎች ናቸው፤ አንዷ ሚስቱ፣ ሌላው ታናሽ ወንድሟ። ወንድምየው የከባድ መኪና ሹፌር ነው፤ አፉ ከመኪናው ይከብዳል። ያን ቀን ሦስቱም የሚሄዱት ከተራራው ማዶ ወደምትኖረው የሚስቱ እህት ነበር። መምህሩ በሰው ቤት እንግዳ መሆን ስለማይወድ ቤቱን አስከትሎ መሄድ መረጠ።

‹‹ጋሼ፣ ይኼ ቤት ሜዳ ላይ ቆሞ ምን በደለዎት፣ ገደል ሊከቱት ነው?›› አለ ወንድምየው፣ የኋላ ወንበር ላይ እየተመቻቸ። ‹‹ካቃተዎት ደግሞ አይፈሩ፣ መሪውን ይስጡኝ።››

‹‹እኔ በሕይወት እያለሁ ይቺን መሪ ሌላ ሰው አይነካትም።››

ለሚስቱ ይህ ቀልድ አልነበረም። ወንድሟ መሪውን አንዴ ከያዘ ወሬው ከእነሱ ቀድሞ ከተማ እንደሚገባ፣ ባሏም ተማሪ ፊት ዳግም እንደማይቆም ታውቃለች። ተማሪ ካጣ ደግሞ ከጠዋት እስከ ማታ የሚያስተምረው እሷኑ ነው።

ዳገቱን በደህና ወጡ። ከኋላቸው የተሰለፈው መኪና ሁሉ ጥሩምባ ሲነፋ መምህሩ አድናቆት መስሎት በመስኮት እጁን እያወጣ ሰላምታ ሰጠ።

ውሃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው፤ ቁልቁለቱም መጀመሪያ ላይ ለስላሳ ነበር። መምህሩ ሁለተኛ ማርሽ አስገባ። ሞተሩ ጮኸ። ችግሩ እዚህ ላይ ነው፤ መምህሩ ከቲዎሪው በላይ የሚያከብረው አንድ ሕግ ነበረው፦ ‹‹ሞተር የሚያስጮህ ሹፌር ሚስቱም ላይ ይጮኻል።›› እሷ ላይ ደግሞ፣ ሐቁን ለመናገር፣ አንድ ቀን ጮኾ አያውቅም። ማርሹን ወደ አራተኛ ቀየረው። ሞተሩ ዝም አለ፤ መምህሩም ፈገግ አለ። ያኔ ቤታቸው ከኋላ እንደ ቸኮለ ወረፋተኛ ይገፋቸው ጀመር።

ፍሬን ያዘ፣ ለቀቀ፣ ደግሞ ያዘ። የመጀመሪያውን ኩርባ አለፉ፤ ሁለተኛውን ግማሹን በሌላው ሰው መንገድ አለፉት።

‹‹ምንድን ነው የሚሸተው?›› አለች ሚስቱ።

‹‹የተራራ አየር ነው።››

‹‹ጋሼ፣ የተራራው አየር ከጎማዎ ሥር እየጨሰ ነው›› አለ ወንድሟ። በዚህ ጊዜ ድምፁ ውስጥ ቀልድ አልነበረም። ወደ ፊት ተንጠራርቶ እጁን ወደ መሪው ሰደደ።

እጁን በጥፊ መታችው። ከዚያም አንገቷን ቀና አድርጋ፣ በባሏ የተረጋጋ ድምፅ፣ ‹‹ተማሪዎች›› አለች። ‹‹ቁልቁለት የሚወረደው ዳገቱ በሚወጣበት ማርሽ ነው። ፍሬን መቆሚያ እንጂ መውረጃ አይደለም። ይህን የረሳው ሰውዬ ምን ሆነ?››

‹‹ሞተ›› አለ መምህሩ፣ አምልጦት።

‹‹እንዳይሞት ምን ማድረግ ነበረበት?››

‹‹ወደ ሦስተኛ። ከዚያ ወደ ሁለተኛ።›› ከንፈሩ ደርቋል። ‹‹ግን ይጮኻል እኮ።››

‹‹ይጩህ። እኔ አልቀየምም።››

ማርሹን ቀነሰ። ሞተሩ ወንድምየው ጆሮውን እስኪይዝ ድረስ ጮኸ፤ መኪናው ግን ልጓሙ እንደተሳበ ፈረስ አንገቱን ሰበሰበ። መንገዱ ሰፋ ያለበት ቦታ ሲደርሱ ዳር ይዘው ቆሙ።

ሦስቱም ወረዱ። ከጎማዎቹ ጭስ ይወጣል። ተሳቢው ውስጥ ሳህኑ፣ ብርጭቆው፣ ፍራሹ ተደበላልቆ ወለሉ ላይ ተከምሯል። መምህሩ ጭሱን ለረጅም ጊዜ ተመለከተና፣ ‹‹ትምህርቱ ይሠራል ማለት ነው›› አለ።

ወንድምየው ድንጋይ ላይ ቁጭ ብሎ እንባው እስኪወርድ ሳቀ። ሲጋራውን ግን በተሳሳተው ጫፉ ለኮሰው። ፍሬኑ ሲቀዘቅዝ የቀረውን ቁልቁለት በሁለተኛ ማርሽ፣ ሞተሩ እየጮኸ ወረዱ። ከኋላ ጥሩምባ ሲነፋ መምህሩ እጁን አላወጣም።

ከዚያ በኋላ ታሪኩን ለተማሪዎቹ ሁሉ ተረከው። በእሱ አተራረክ መኪናው ውስጥ የነበረው እሱ ብቻ ነው። እሷ ከበሩ ጀርባ የድስት ክዳን ስትጥል ብቻ፣ ‹‹አንዲት ረዳትም ነበረችኝ›› ብሎ ይጨምራል።

ተሳቢው ከእህቷ ግቢ ዳግም አልወጣም። መምህሩ በሁለተኛው ዓመት አልጋው ላይ እንደተኛ አረፈ። ከቀብር ሲመለሱ መኪናውን የነዳው ወንድሟ ነው። መክተፊያው ማድ ቤት ተመልሷል፤ ሽንኩርት ይከተፍበታል።