ፎርትራን የተባለው ቁልፍ

«ኢሳይያስ አርባንም ሞክረን እንቢ አለ» አለች ሐዳሳ፣ ከአባቷ አሮጌ ኮምፒውተር ፊት ተነስታ ለቀድሞ ተማሪያቸው ለፍሬው ቦታ እየለቀቀችለት።

ውጭ ድንኳኑ ከሌሞና ከዶዮገና በመጡ ለቀስተኞች ሞልቷል። ቤተ ዘመዱ ግን ከቀብር መልስ ሌላ ሥራ ይዞ ነበር። ኮምፒውተሩ የይለፍ ቃል ሲጠይቅ፣ አማኝ ሰው ከቃሉ ሌላ በምን ይቆልፋል ብለው፣ ሟቹ መምህር ባፈና የሚወዷቸውን ጥቅሶች አንድ በአንድ አስገቡ። አልከፈተም። የከተማው ኮምፒውተር ጠጋኝ ደግሞ ያለው ሁሉ ተደምስሶ እንደ አዲስ ይጫን ብሏል።

እንዴት ይደምሰስ? ባፈና ለሚስታቸው በሀዲይኛ የዘመሩት መዝሙር ያለው እዚያ ውስጥ ብቻ ነው። ወይዘሮ ዓለሚቱ ንፍሮ እንኳ በወጉ አልቀመሱም። «ድምፁን አሰሙኝ» ብቻ ነው የሚሉት።

ፍሬው ሐዘኑን ረስቶ ሳቀ። «ቲቸር በጥቅስ አይቆልፉም። በፎርትራን ነው።»

ፎርትራን ባፈና በወጣትነታቸው አዲስ አበባ የተማሩት የጥንት የኮምፒውተር ቋንቋ ነው። ሆሳዕና ተመልሰው ሒሳብ ሲያስተምሩ እንኳን የሚሠራበት ስሙን የሰማም አልነበረም። ፍቅሩ ግን አልለቀቃቸውም። ይህንኑ ኮምፒውተር ገዝተው ሳሎናቸው ውስጥ አስቀመጡና የሰፈሩን ተማሪ ሰበሰቡ። ለእያንዳንዱ ማሽኑ ውስጥ የራሱን ክፍል ከፈቱለት። ቁልፉ የቋንቋው ስም ሲሆን የእንግሊዝኛ ፊደሎቹ ለአንዱ ከኋላ ወደ ፊት፣ ለሌላው ከመሃል ተበውዘው ይሰጡታል። ተንኮለኛ ለሆነው ደግሞ «ኦ» በዜሮ፣ «ኤ» በአራት ይተካል። «ለእናትህም አትንገር!» ይሉ ነበር። ሐዳሳ በልጅነቷ ሳሎኑ ጠበበኝ ብላ ስንቴ አኩርፋለች! ዛሬ ድንኳን የተከሉት፣ ወንበር የተሸከሙት እነዚያው ያጣበቡባት ልጆች ናቸው። እግዜር ይስጣቸው አለች በሆዷ።

ፍሬው የመምህሩን ቁልፍ ለማግኘት ፊደሎቹን በዚህም በዚያም በወዛቸው። አልሆነም። ኤልሳ፣ ያኔ ከእሱ ጋር የተማረችው፣ ሰሃን እያጠበች ከነበረበት እጇን እያደራረቀች መጣች።

«የእሳቸውን ተወውና በራስህ ግባ።»

«በእኔ? እኔ ከዚህ ቤት ከወጣሁ ስንት ዘመኔ! እስካሁን ይኖራል?»

«ቲቸር ማንን አባረው ያውቃሉ?»

ፍሬው ጣቶቹን አነሳና ዘወር አለ። «ፊታችሁን አዙሩ እንጂ!»

ሁለቱ ሴቶች እየሳቁም እያለቀሱም ወደ ግድግዳው ዞሩ። ተከፈተ። የልጅነት ሥራዎቹ እንዳሉ ናቸው። ከግርጌያቸው ግን እሱ ያላስቀመጠው አንድ ነገር አለ፤ መዝሙሩ። ኤልሳ በራሷ ቁልፍ ገባች፤ እሷም ዘንድ አለ።

«አንድ ሰው ብቻ የያዘው ይጠፋል ይሉን ነበር» አለች ኤልሳ። «ለሁላችንም ሰጥተውናል።»

ሐዳሳ የኤልሳ አንገት ላይ ተጠመጠመች። አባቷ ለብቻዋ ባለመሆናቸው ያኔ ያዘነችውን ያህል አሁን አመሰገነች። ከዚያ እናቷን ደግፋ አመጣች።

የባፈና ድምፅ ቤቱን ሞላው። ወይዘሮ ዓለሚቱ ዓይናቸውን ጨፍነው አዳመጡ። ሁለተኛው አዝማች ላይ ባፈና ሳል ያዛቸው፤ መዝሙሩ ተቋረጠ።

ወይዘሮ ዓለሚቱ ከጠረጴዛው ላይ ጆግ አነሱ፣ በብርጭቆ ውሃ ቀዱ፣ ወደ ኮምፒውተሩም ዘረጉት።