አርባ አንዱ ቅዳሜዎች

«አርባ አንድ ነበሩ» አለች የሟቹ እህት፣ አንድ ካሴት ብቻ የቀረበትን ካርቶን አጎቷ ፊት እያስቀመጠች። «ጋሼ፣ የት ሄዱ?»

አጎትየው ለለቅሶ ደራሾቹ ሻይ እያደሉ ነበር። ትሪውን እንደያዙ ቆሙ።

«ሰጠኋቸዋ። ሁሉም ላይ የተጻፈው ያው የአንድ ዘፈን ስም ነው። ነፍሱን ይማረውና ለወዳጅ ሊያድል ያባዛው መስሎኝ፣ ለመጣው ሰው ሁሉ ለማስታወሻ አንዳንድ አስያዝኩ። አንዱን ለቤት አስቀረሁ። አጠፋሁ እንዴ?»

«ከሥር የተጻፈውን ቀን አላዩትም?»

«ያባዛበት ቀን ነዋ።»

ልትጮህ ብላ ተወችውና ካርቶኑን አንስታ ወደ ጓዳ ገባች።

ሟቹ ታናሽ ወንድሟ ፍሬን ጠጋኝ ነበር። ቅዳሜ ማታ ከጋራዥ ወጥቶ፣ እጁን በናፍጣ ታጥቦ፣ አንድ የሮክ ባንድ ወደሚጫወትበት ጠባብ አዳራሽ ይሄዳል። ባንዱ ምሽቱን የሚዘጋው ሁልጊዜ በአንድ ዘፈን ነው፤ መነሻው እንጂ መንገዱ አይታወቅም፣ እዚያው እየተጫወቱ ይፈጥሩታል። እሱ ምሰሶ ተደግፎ፣ መቅረጫውን ደረቱ ላይ አቅፎ፣ ትንፋሹን ቆጥቦ ይቀዳል።

«እታለም፣ ይችን ስሚ» ይላት ነበር። «እዚህ ጋ ጊታሩ ከዜማው ወጥቶ ጠፋ። ከበሮው ባለበት እየረገጠ ጠበቀው። ባለፈው ሳምንት ግን ተከትሎት አብረው ጠፉ።»

«ያው ዘፈን አይደል? አንዴ የሰማሁትን ምን አድርጊው ትለኛለህ?»

ይህን የምትለው፣ ከአንድ ወንዝ በየጠዋቱ ናሙና ቀድታ በየጠርሙሱ ላይ ቀን የምትጽፍ የውሃ መርማሪ ናት። አንዱን ጠርሙስ ሰው ቢደፋባት ላቦራቶሪውን በአንድ እግሩ ታቆመዋለች። አጎቷን መቆጣት ያቃታት ለዚህ ነው፤ «ያው ዘፈን» የሚለው ቃል የራሷ ነበር።

በለቅሶው አራተኛ ቀን የባንዱ ከበሮ መቺ መጣ። ጥግ ይዞ ከቆየ በኋላ ጠጋ አላት።

«እህቴ፣ ጊዜው እንዳልሆነ አውቃለሁ። የመጨረሻውን ቅዳሜ ቀድቶት ነበር። እኛ ቅጂ የለንም። ጊታሪስታችን ያን ዕለት የሄደበትን መንገድ እሱ ራሱ አያውቀውም። ወንድምሽ ሲወጣ እጄን ጨብጦ ‹አገኛችሁት› አለኝ። ማክሰኞ መኪና ሥር ተኝቶ ሳለ ክሪኩ ከዳው።»

እህትየው ካሴት የወሰዱትን ሰዎች ስም ዝርዝር ይዛ በር ለበር ዞረች። አጎትየው ከኋላ ከኋላ እየተከተሉ «ጥፋቱ የኔ ነው» ይላሉ።

«የሟች ማስታወሻ ይመለሳል እንዴ?» አለች አንዷ ዘመድ።

«ሰጪው እኔ ነኝ እንጂ ሟች አይደለም» አሏት አጎትየው። «አምጪ።»

በስድስተኛው ቀን ሠላሳ ዘጠኙ ተመለሱ። የመጨረሻው ቅዳሜ ግን ጎረቤታቸው መምህርት ዘንድ ነበር።

«ልጄ ማባዛት እንድታጠና ድምጿን ቀዳሁበት» አለች መምህርቷ፣ መሬት መሬት እያየች። «ያው አንድ ዘፈን ነው ሲሉኝ ጊዜ...»

እህት፣ አጎትና ከበሮ መቺ ካሴቱን ከበው ተቀመጡ። አንዲት ሕፃን «ሰባት ጊዜ ስምንት» እያለች አሥራ አንድ ደቂቃ ቆጠረች። ከዚያ ቀጭ አለና ባንዱ ከመሃል ገባ። ጊታሩ አስቀድሞ ጠፍቷል፤ ከበሮው ባለበት እየረገጠ ይጠብቀዋል። ጠበቀው፣ ጠበቀው፤ ጊታሩም ማንም ባልጠረጠረው በኩል ተመለሰ። የአዳራሹ ሰው ሲያፏጭ ተሰማ።

«መመለሱንማ አስታውሳለሁ» አለ ከበሮ መቺው ዓይኑን እንደጨፈነ። «የቸገረኝ እንዴት እንደጠፋ ነው።»

«እኔ እኮ ልዩነቱን ሰምቼው ቢሆን...» አሉ አጎትየው።

«እኔም አልሰማሁትም፣ ጋሼ። እሱ እያሰማኝ።»

ካሴቱን አወጣችው። ጠርዙ ላይ ያለችው ትንሽ ፕላስቲክ ከተሰበረች ሌላ ድምፅ አይቀዳበትም፤ ወንድሟ የአርባዎቹን ሁሉ ሰብሯል። ይህኛው ላይ አልደረሰም። የመቀሱን ጫፍ አስገብታ፣ ቴፑን እንዳትነካ ቀስ ብላ፣ ሰበረቻት።